አምኜ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ለምን ሥር አልሰደድኩም?

ጥያቄ፦ ጌታን ካመንኩ 3 ዓመት ሆነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ጉባኤ ላይ ስሆን ልቤ ይነዳል፣ አለቅሳለሁ፣ እወስናለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሼ እዚያው ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ 3 ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ዘሌዋውያን ላይ ቀረሁ። ጸሎት ስጀምር ከ5 ደቂቃ በኋላ የምለው አጣለሁ። ስብከት ግን በየቀኑ በስልኬ እሰማለሁ፤ ሥራ እየሠራሁ እንኳ ከጆሮዬ አይጠፋም። ሳጠፋ ደግሞ ለቀናት መጸለይ ያሳፍረኛል። ከታላቅ እህቴ ጋርም በገንዘብ ምክንያት ከተኳረፍን 8 ወር ሆነን፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን በቤተ ክርስቲያናችን የወጣት ሴቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እንድመራ ተጠይቄአለሁ። መሠረት ሳይኖረኝ እንዴት እመራለሁ? መሠረቴን ለማጠንከር ምን ልጨምር?
ሥር ፈላጊዋ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን የዘጋሽው «ምን ልጨምር?» ብለሽ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ የበዛብሽ ነገር ነው። ብዙ ሰምተሻል፣ ብዙ ወስነሻል፣ ብዙ ጀምረሻል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ኑሮሽ ላይ የደረሰው ግን ጥቂት ነው።

ጌታ ኢየሱስ ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተናገረውን ምሳሌ ታውቂዋለሽ (ማቴ. 7፥24-27፤ ሉቃ. 6፥47-49)። ስንሰማው ብዙ ጊዜ አንዱ ቃሉን የሰማ፣ ሌላው ያልሰማ ይመስለናል። ሁለቱም ሰምተዋል። ጎርፉም ሁለቱንም መትቷል። አንዱ የሰማውን አደረገ፣ ሌላው አላደረገም፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ሉቃስ ደግሞ ማቴዎስ ያልጻፈውን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሰውዬው መሠረቱን ከመጣሉ በፊት አጥልቆ ቆፈረ። ልል አፈሩ ተዝቆ ካልወጣ ዓለቱ አይገኝምና ሥራው የሚጀምረው ከማውጣት ነው። ስለዚህ ለጊዜው ምንም አትጨምሪ፤ ቀንሺና ቆፍሪ።

ቅነሳውን ከስልክሽ ጀምሪ። ለሚቀጥሉት 3 ወራት በሳምንት አንድ ስብከት ይበቃሻል፤ እሱም በራስሽ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠሽ የምትሰሚው ይሁን። ማስታወሻ ያዢ፤ ቤትሽ ሳትገቢም አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ፦ «በዚህ ቃል ምክንያት በዚህ ሳምንት የማደርገው ይህን ነው»። በየቀኑ የምትሰሚው ስብከት በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም የምከለክልሽ። የትናንቱን ሳትሠሪበት የዛሬው ይመጣና ይሸፍነዋል። እንዲህ ሲደጋገም ልብ መነካትንና መታዘዝን አንድ አድርጎ መቁጠር ይለምዳል፤ ያለቀስሽበትን ሁሉ የፈጸምሽው ይመስልሻል። ያዕቆብ ሰሚ ብቻ የሆነ ሰው ራሱን ያታልላል ያለው ስለዚህ ነው (ያዕ. 1፥22)። ስብከት ማብዛትን የመንፈሳዊነት ሚዛን ያደረጉ ወዳጆች ካሉሽ ይህ ምክር ላይጥማቸው ይችላል። 3 ወር ነው፤ ይታገሡሽ።

ጉባኤ ላይ ልብሽ መንደዱን አልንቀውም። ግን ማርቆስ 4ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ወዲያው በቀለ፤ ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፦ ጥልቅ አፈር ስላልነበረው ነው (ቁ. 5)። ፈጥኖ ብቅ ማለቱ ራሱ የጥልቀት ማነስ ምልክት ነበር። ጌታ ሲተረጉመው ደግሞ ቃሉን በደስታ የሚቀበሉ፣ ነገር ግን ሥር የሌላቸው ሰዎች ናቸው ይላል (ቁ. 16-17)። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ሥሩን ግን ሊተካ አይችልም። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ጉባኤ አንድ ውሳኔ ብቻ ይዘሽ ውጪ፤ እሱም በ2 ቀን ውስጥ የሚጀመር ይሁን። አሥር ነገር ወስና የወጣች ሰው ሰኞ ማለዳ አንዱም ትዝ አይላትም።

ወደ ቁፋሮው ከመግባታችን በፊት ግን «መሠረቴን» ያልሽውን ላቃናው። ከተመሠረተው በቀር ሌላ መሠረት ማንም ሊመሠርት አይችልም፤ እሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው ይላል ጳውሎስ (1 ቆሮ. 3፥11)። መሠረቱ ተጥሏል፤ የአንቺ ድርሻ በላዩ መገንባት ነው። ይህ ካልገባሽ ካጠፋሽ በኋላ ለቀናት ከጸሎት መሸሽሽ አይቆምም። ምክንያቱም በልብሽ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እቀርባለሁ። ወንጌሉ ግን ቅረቢ፣ ቀርበሽ ትስተካከያለሽ ነው የሚለው።

የኤፌሶንን መልእክት ውሰጂ። 6 ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ 3 ምዕራፎች ውስጥ ጳውሎስ አንባቢዎቹን የሚያዝዛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አስቡ» ይላቸዋል (2፥11)። ሌላው ሁሉ እግዚአብሔር በክርስቶስ ያደረገላቸው ነው፦ መረጣቸው፣ ዋጃቸው፣ ሙታን ሳሉ ሕያዋን አደረጋቸው። አትዋሹ፣ አትስረቁ፣ ይቅር ተባባሉ የሚሉት ትእዛዛት የሚጎርፉት ከምዕራፍ 4 ጀምሮ ነው። ከምዕራፍ 4 ጀምሮ ለመኖር የሚሞክር ክርስቲያን በደህና ሳምንቱ ይታበያል፣ በክፉ ሳምንቱ ተስፋ ይቆርጣል። የአንቺ መዋዠቅ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በተግባር ይህን አድርጊ። ባጠፋሽ ዕለት፣ ሳትተኚ፣ ጥፋቱን በስሙ ጠርተሽ ለእግዚአብሔር ተናገሪ። «ኃጢአቴን ሁሉ ይቅር በል» የሚለው ጸሎት ትክክል ቢሆንም ብዙ መደበቂያ አለው። «ዛሬ ያልጨረስኩትን ሥራ ጨርሻለሁ ብዬ አለቃዬን ዋሸሁ» ማለት ግን መደበቂያ የለውም። ከዚያ 1 ዮሐንስ 1፥9ን ጮክ ብለሽ አንብቢና እመኚው። ቀጥሎ የሚመለስ ነገር ካለ መልሺ፤ በነጋታው አለቃሽ ዘንድ ገብተሽ እውነቱን ተናገሪ። እነዚህ ሦስቱ ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስዱም። ለቀናት የሚያሰቃይሽ እነሱን ማዘግየትሽ ነው።

አሁን ወደ ቁፋሮው። ስለ እህትሽ በአንድ መስመር አልፈሽ «እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው» ብለሻል። ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ዋናው እሱ ይመስለኛል። መባህን ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች ነገር በአንተ ላይ እንዳለው ትዝ ቢልህ፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል ጌታ (ማቴ. 5፥23-24)። ልብ በዪ፤ «አንተ በእሱ ላይ ቂም ካለህ» አላለም። ቅር የተሰኘው እሱ ቢሆንም ተነሥቶ የሚሄደው አንተ ነህ። 8 ወር ሙሉ «እኛም ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ በደረስሽ ቁጥር ልብሽ የሚዘልለው ሰው ካለ፣ ጸሎትሽ ቢያጥር አይገርምም። ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም፤ ወደ ሌላውም እመጣለሁ።

ማን የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ባለ ዕዳዋ አንቺ ከሆንሽ፣ ከመደወልሽ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አስፍሪ፦ ጠቅላላው ገንዘብ ስንት ነው፣ ከገቢሽ በእውነት በየወሩ ስንት መክፈል ትችያለሽ፣ በየትኛው ቀን። ትንሽ ቢሆን አትፈሪ፤ የማትችዪውን ቃል ገብተሽ በሁለተኛው ወር ከመቅረት ይሻላል። የመጀመሪያውን ክፍያ በእጅሽ ይዘሽ ደውዪ ወይም ሂጂ። የምትዪው አጭር ይሁን፦ «ገንዘብሽን በጊዜው አልመለስኩም፤ ስትጠይቂኝም ተቆጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለዛሬ ይህን ይዣለሁ፤ የቀረውን በየወሩ በዚህ ቀን እከፍላለሁ።» እዚህ ላይ ዝም በዪ።

ዕርቅ የሚበላሸው በዚህ ዝምታ ቦታ ላይ በምንጨምረው ነገር ነው። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» የሚለው «ካ» ይቅርታውን ይበላዋል፤ አስቀይመሻታል። «አንቺም እኮ ያን ጊዜ» ካልሽ ክርክሩ ከነበረበት ይቀጥላል። ጥቅስ መጥቀስ እሷን ተማሪ፣ አንቺን አስተማሪ ያደርጋል። ረጅም የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ቃናሽን አያሳይም፤ እሷ በተቆጣች ስሜት ነው የምታነበው። ከሁሉም የሚከፋው ነገሩን አስቀድሞ የጸሎት ርእስ አድርጎ ለቡድን መንገር ነው። «ጸልዩልን» በሚል ሽፋን የሚወራ ሐሜት ከተራው ሐሜት ይልቅ ይጣፍጣል፤ ስለዚህም ይበልጥ ይጎዳል።

ዕዳ ሳለብሽ ደግሞ ጉባኤ ላይ ስሜትሽ ተነክቶ ለዚህም ለዚያም አዲስ ስጦታ ቃል አትግቢ። ጌታ በማርቆስ 7፥9-13 የገሠጻቸው ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው ለእግዚአብሔር የሰጡ መስለው ከግዴታቸው ያመለጡ ናቸው። ዘኬዎስ ግን የመጀመሪያው ፍሬው የታየው በገንዘብ ቦርሳው ላይ ነበር፤ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)።

ባለ ዕዳዋ እህትሽ ከሆነች፣ ሁለት የቀና መንገድ አለ፦ ዕዳውን ትተሽላት «ትቼዋለሁ» ብለሽ በቃልሽ መንገር፣ ወይም ለሁለታችሁም የሚሆን የመክፈያ ጊዜ በግልጽ መስማማት። በልብሽ «ትቼዋለሁ» እያልሽ በአፍሽ መኳረፍ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ይህንንም መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ (ማቴ. 18፥15)። እንቢ ካለችሽስ? ከአንቺ በኩል የሚቻለውን እስካደረግሽ ድረስ (ሮሜ 12፥18) የቀረው በእጅሽ አይደለም። ባለ ዕዳዋ አንቺ ከሆንሽ ግን ክፍያውን መልስ ባታገኚም አታቋርጪ፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላም እንደገና ሞክሪ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ በጸባችሁ ውስጥ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ብቻሽን አትሂጂ፤ የሚታመን ሰው በመካከል ይግባ።

የዕለቱን ንባብ በተመለከተ፣ ዘሌዋውያን ጥፋት የለበትም፤ ያሸነፈሽ ስሌቱ ነው። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች አሏቸው፤ በ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከ3 ምዕራፍ በላይ ይደርሳል። ዘፍጥረት 50፣ ዘጸአት 40 ምዕራፍ ስለሆኑ ዘሌዋውያን የሚደርሰው አንድ ወር ሊሞላ ሲል ነው። የጀማሪ ግለት በዚያው ሰሞን ይበርዳል። በዚያ ላይ ታሪኩ አብቅቶ የድንኳኑ ልክና የመሥዋዕቱ ሥርዓት ተተክቷል። 4 ቀን ካመለጠሽ የ13 ምዕራፍ ዕዳ ይቆልልሻል፤ ዕዳ ያለበት መጽሐፍ ደግሞ ማንም መክፈት አይወድም። ብዙ ሰው ያቆመው ሰንፎ አይደለም፤ ለጀማሪ የማይሆን ዕቅድ ይዞ ነው።

በምትኩ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሪ። አንድ ቀን ተቀምጠሽ 16ቱንም ምዕራፍ ባንዴ አንብቢው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ከዚያ በነጋታው ከምዕራፍ 1 ተመልሰሽ በቀን ከ10 እስከ 15 ቁጥር ብቻ ሂጂ። ማርቆስ ሁለት ወር ያህል ይወስድብሻል። ኤፌሶንን በቀን 8 ቁጥር ያህል አስከትዪ፤ በ20 ቀን ያልቃል። እንዲህ 3 ወሩ ይሞላል። ዘሌዋውያን ይጠብቅሻል፤ ስለ ኢየሱስ መሥዋዕትነት ካነበብሽ በኋላ ስትመለሺበት ጨርሶ ሌላ መጽሐፍ ይሆንብሻል።

ለዚህ 20 ደቂቃ ያዢ። በታተመ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቢ፤ ስልክሽ ሌላ ክፍል ይደር። አንድ ደቂቃ ዝም በዪ። ክፍሉን ሁለት ጊዜ አንብቢ፣ ሁለተኛውን ድምፅ አውጥተሽ፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል። ከዚያ ደብተርሽ ላይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ተባለ ወይም ምን ሆነ፣ ስለ ጌታ ምን አሳየኝ፣ ዛሬ ምን አደርጋለሁ። የቀረው 10 ደቂቃ የጸሎት ነው።

ማርቆስ 1፥35-39 ደርሶሻል እንበል። የመጀመሪያው መስመር፦ «ኢየሱስ ማለዳ ገና ሌሊት ሳለ ወጥቶ ብቻውን ጸለየ፤ ጴጥሮስና አብረውት ያሉት፣ ሰው ሁሉ እየፈለገህ ነው አሉት፤ እሱ ግን ወደ ሌላ መንደር እንሂድ አለ።» ጥቂት ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሺ በዋዜማው ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ፣ ብዙ ድውዮችን ፈውሷል (ቁ. 32-34)። በነጋታው ይበልጥ ተፈላጊ ነበር። ሁለተኛው መስመር፦ «ጌታ የሚሄድበትን የወሰነው በፈላጊው ብዛት አይደለም፤ ከአባቱ ጋር ካሳለፈው ሌሊት ነው የወጣው።» ሦስተኛው መስመር ላይ «ብዙ መጸለይ አለብኝ» ብለሽ ብትጽፊ ምንም አልጻፍሽም፤ ሰው የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ ማታ ላይ መደረግ አለመደረጉን ማረጋገጥ አይቻልም። «ስለ ጥናት ቡድኑ ዛሬ ለሚጠይቁኝ እስከ እሑድ ጊዜ ስጡኝ እላለሁ፤ እስከዚያ በየማታው 5 ደቂቃ እጸልይበታለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ማታ «አድርጌዋለሁ» ወይም «አላደረግኩም» ማለት ትችያለሽ። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ካልሆነ ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ስልክሽ ስብከት ሆነው ይቀራሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ ሕግ የለም። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6፥10)፤ ጌታ በማለዳ ወጣ። አንቺ የምትቋረጪው የትኛው ሰዓት ላይ እንደሆነ ቁጠሪና ሌላውን ምረጪ። ማለዳን ከመረጥሽ የሚያበላሽብሽ የማታው ነው፤ እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ላይ ያመሸ ሰው በማለዳ የሚሰማው የማንቂያ ደወል ብቻ ነው። ያመለጠሽን ቀን አታካክሺ፤ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ለታመምሽበት ወይም ለተዋከብሽበት ቀን ትንሹን መጠን አስቀድመሽ ወስኚ፦ አንድ አጭር መዝሙረ ዳዊትና አቡነ ዘበሰማያት፣ 5 ደቂቃ። በተከታታይ ሁለት ቀን ባዶውን እንዲያልፍ ግን አትፍቀጂ፤ ልማድ የሚሰበረው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው።

ጸሎትሽ በ5 ደቂቃ የሚደርቅበት ሌላው ምክንያት ከልመና መጀመርሽ ነው። የሚያስፈልገንን ዘርዝረን ለመጨረስ 5 ደቂቃ ይበቃል። ጌታ ባስተማረው ጸሎት ውስጥ ግን (ማቴ. 6፥9-13) እንጀራ የሚመጣው ስለ ስሙ፣ ስለ መንግሥቱና ስለ ፈቃዱ ከተጸለየ በኋላ ነው፤ ይቅርታና ከፈተና መጠበቅ ይከተላሉ። ስድስቱን በደብተርሽ ላይ ጻፊና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆዪ። «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ስትደርሺ በስም የምትጠሪው ሰው ወይም ቦታ ይኑርሽ። አሳብሽ ከሸሸ አትሟገቺው፤ የሸሸበትን ነገር በአንድ ቃል ጽፈሽ ተመለሺ፣ ወይም ራሱን ጸሎት አድርጊው። በሹክሹክታም ቢሆን ድምፅ ማውጣት ይረዳል። ምንም ስሜት በሌለሽ ቀን መዝሙር 13ን ተዋሺ፤ 6 ቁጥር ነው። ዳዊት በሁለት ቁጥር ያማርራል፣ በሁለት ይለምናል፣ በሁለት ይታመናል። መዝሙር 88 ደግሞ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ይጨርሳል፤ ያም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጻፈ ጸሎት ነው።

ብቻሽን ግን ይህን አትዘልቂውም። ከአንቺ በእምነት የቀደመች፣ ምስጢር የምትጠብቅ አንዲት ሴት ፈልጊ (ቲቶ 2፥3-4)። በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ያህል ተገናኙ። ሦስት ጥያቄ ትጠይቅሽ፦ ከተቀበልሽው ቃል ምኑን አደረግሽ? ልትነግሪኝ ያልፈለግሽው ነገር ምንድን ነው? ስለ ምን ልጸልይልሽ? ሁለተኛው ካልተጠየቀ ግንኙነቱ ወደ ሻይና ወሬ ይወርዳል። ማን እንደምትመርጪ ተጠንቀቂ። የሌላውን ሰው ጉዳይ ካጫወተችሽ የአንቺንም ለሌላ ታጫውታለች። «ጌታ ነግሮኛል» እያለች ስለ ትዳርሽ፣ ስለ ሥራሽ ወይም ስለ ገንዘብሽ የምትወስንልሽ ከሆነች ደግሞ በጨዋነት ራቂ። ትንቢትን አትናቁ ያለው ጳውሎስ በዚያው አፉ ሁሉን ፈትኑ ብሏል (1 ተሰ. 5፥20-21)።

ስለ ጾም ባጭሩ፦ ከፈለግሽ በሳምንት አንድ ማዕድ በመተው ጀምሪና የማዕዱን ሰዓት ለጸሎት ስጪው፤ ሰዓቱን ሥራ ከበላው የተራብሽው ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም።

ድርቀት ይመጣል፤ ሁልጊዜም የኃጢአት ውጤት አይደለም። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ ስብከት አልላከለትም። ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ እንደገና ተኛ፤ እንደገና በላ (1 ነገ. 19፥5-8)። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እንቅልፍሽን ቁጠሪ። ከባድ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም የመሞት አሳብ ከመጣብሽ፣ ሳትዘገዪ የጤና ባለሙያ ጋ ሂጂ። ይህ እምነት ማነስ አይደለም።

የጥናት ቡድኑን በተመለከተ መልሴ «አሁን አይደለም» ነው። የማያንስ ምክንያት አለኝ። ጌታ አሥራ ሁለቱን የሾማቸው ከእሱ ጋር እንዲኖሩና እንዲልካቸው ነው ይላል ማርቆስ (3፥14)፤ አብሮ መኖር ከመላክ ይቀድማል። አሁን ብትቀበዪ፣ ቃሉን የምታነቢው ለሌሎች የምትናገሪውን ፍለጋ ይሆናል፤ ከሰሚነት ወደ ተናጋሪነት ትሻገሪያለሽ፣ ማድረጉ በመካከል ይዘለላል። ለመሪዎችሽ እንዲህ በያቸው፦ «ስላመናችሁብኝ አመሰግናለሁ። ለ6 ወር ያህል መሪ ሳልሆን የመሪዋ ረዳት ልሁን፤ ከዚያ እንደገና እንነጋገር።» ረዳት ስትሆኚ ወንበር አስተካክዪ፣ የቀረችውን ደውለሽ ጠይቂ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አንዱን ክፍል ምሪ። ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በስውር አድርጉ ያለን ጌታ (ማቴ. 6) የማይታየውን ሥራ እንዴት እንደሚቆጥር ታውቂያለሽ። ጥሩ መሪዎች ይህን መልስ ያከብራሉ፤ «ጸጋውን አታጥፊ» ብለው የሚያስጨንቁሽ ከሆነ ያንን ለዚያች ለመረጥሻት ሴት ንገሪያት።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ራስሽን ስትመዝኚ በጉባኤ ላይ ስላፈሰስሽው እንባ አትጠይቂ። ካጠፋሽ በኋላ ወደ እግዚአብሔር ለመመለስ ስንት ቀን ፈጀብሽ? ከቀናት ወደ ሰዓታት አጥሮ እንደሆነ እይ። ከሦስተኛው መስመሮችሽ ስንቱን እንዳደረግሽ ቁጠሪ፤ ከሰባቱ ሦስቱም ቢሆን ካለፈው ይበልጣል። ገላትያ 5፥22-23ን አውጥተሽም አብራሽ የምትኖረውን ወይም በሥራ ቀን የምታይሽን ሰው ከዘጠኙ የትኛው ላይ ለውጥ እንዳየች ጠይቂ። «አላየሁም» ካለች አትደንግጪ፤ ቡቃያ፣ ከዚያ ዛላ፣ ከዚያም በዛላው ውስጥ ፍሬ የሚመጣው በየተራው ነው (ማር. 4፥28)። ዕቅዱን ሳትቀይሪ ሌላ 3 ወር ቀጥዪ።

ለመሪዎችሽ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን፣ በዚህ ሳምንት፣ ለእህትሽ ደውዪ።